ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሲሊኮን ይሻለኛል ወይስ የጨው ውኃ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ሲሆን ታይዋን ገበያ ውስጥ አነስተኛ የልብስ መደብር አለኝ። ሁለት ልጆች ወልጄ ሁለቱንም አጥብቻለሁ። ትንሿን ጡት ካስጣልኳት አራት ወር ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ጡቴ ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ኢምፕላንት (ጡትን የሚሞላ ሰው ሠራሽ ከረጢት) አስገብታ «ሲሊኮን ነው የሚሻለው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ የማይጎዳው የጨው ውኃው ነው ትላለች። የትኛውን ልምረጥ? ሌላ ልጅ ብወልድስ ማጥባት እችላለሁ? የድሬ ሙቀት አያቀልጠውም? ባለቤቴ አድርጊ አላለኝም፤ ፍላጎቱ የራሴ ነው።
ሰ. ነኝ፣ ከከዚራ

መልስ፦ ከሙቀቱ ልጀምር፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። የድሬ ፀሐይ የቱንም ያህል ብትበረታ የሰውነትዎ ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኢምፕላንቱም የሚቀመጠው በዚያ ውስጥ ነው። አይቀልጥም፤ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈሩም አይፈነዳም። ሙቀቱ የሚያስቸግረው ቁስሉን ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የአክስትዎ ልጅ «ዕድሜ ልክ» ያለችው ግን ልክ አይደለም። ኢምፕላንት የሚያረጅ ዕቃ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ጡታቸውን ለማስተለቅ ኢምፕላንት ካስገቡ ሴቶች ከአምስቱ እስከ አንዷ በ10 ዓመት ውስጥ ማስወጣት ግድ ይሆንባታል። እርስዎ ገና 34 ዓመትዎ ነው። ስለዚህ ገንዘብም ጊዜም ሲያሰሉ አንድ ቀዶ ሕክምና ብቻ አይያዙ፤ ምናልባት ሁለተኛ፣ ምናልባትም ሦስተኛ ይኖራል ብለው ይያዙ። ይህን ሰምተው ሐሳብዎ ካልተለወጠ መነጋገር እንችላለን። ፍላጎቱ የራስዎ መሆኑን መጻፍዎ ደስ ብሎኛል፤ እኔም የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር።

ዓይነቱን ከመምረጥዎ በፊት መስታወት ፊት ይቁሙ። የጡት መያዣዎን አውልቀው፣ ጡትዎ ከታች ከደረትዎ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ እርሳስ በአግድም ይያዙ። የጡትዎ ጫፍ ከእርሳሱ በላይ ከሆነ ችግርዎ በእርግጥም የይዘት መጉደል ሊሆን ይችላል፤ ኢምፕላንት ይሞላዋል። ጫፉ ከእርሳሱ እኩል ከሆነ ወይም ከእርሱ በታች ከወረደ ግን ጡቱ ወርዷል፤ ኢምፕላንት ብቻውን አያነሣውም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ትርፍ ቆዳ ተቆርጦ የጡት ጫፍ ወደ ላይ የሚመለስበት ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ብቻውን ወይም ከኢምፕላንት ጋር ይሠራል። የወረደን ጡት በትልቅ ኢምፕላንት «እናንሣው» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ይሽሹ፤ ክብደቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይብሱን ያወርደዋል። ልጅ ካጠቡ እናቶች መካከል ኢምፕላንት ፈልገው መጥተው ማንሣቱ ብቻ የበቃቸው ጥቂት አይደሉም።

ደግሞም አራት ወር ገና ነው። ጡት ካስጣሉ በኋላ መልኩ ለወራት ይለዋወጣል፤ ቢያንስ ስድስት ወር ይሙላ፣ ክብደትዎም ይርጋ። ሦስተኛ ልጅ በቅርብ የሚያስቡ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ይውለዱ። እርግዝና አዲስ የተሠራውን ጡትም ይለጥጠዋል። ማጥባትን በተመለከተ፣ ኢምፕላንት ካላቸው ሴቶች ብዙዎቹ ያጠባሉ፤ ሆኖም ወተት ሊያንስ ይችላል። በተለይ በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ በኩል ከተቀደደ የወተት ቱቦዎችና ነርቮች ሊቆረጡ ስለሚችሉ ያንን መንገድ ለእርስዎ አልመርጥም። ጡት ሥር ባለው እጥፋት መግባት ይሻላል፤ ጠባሳውም ጥላ ውስጥ ይደበቃል። ጠባሳን ካነሣን፣ ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ክትባት ሲወጉ ቦታው አብጦና ጠንክሮ የቀረ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። በእኛ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለው ጠባሳ ብርቅ አይደለም፤ ጡት ላይ ሲወጣም አይቶ ማለፍ ይከብዳል።

አሁን ወደ አክስትዎ ልጅና ወደ ጓደኛዎ ክርክር ልምጣ። ሁለቱም ኢምፕላንቶች ውጫዊ ሽፋናቸው ሲሊኮን ነው፤ የሚለያዩት በውስጣቸው ባለው ነገር ነው። የጨው ውኃው ባዶውን ገብቶ ውስጥ ይሞላል፤ ስለዚህ ቅዱ ያንሳል። ቢቀደድ ውኃው ወደ ሰውነት ይሰርጋል፣ ጡትዎም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። ሳያውቁ አያልፍም፤ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ግልጽ ነው። ጉድለቱ ሥጋዋ ስስ በሆነ ሴት ላይ ሽብሽቡ ከቆዳ ሥር መታየቱና ሲዳሰስ የውኃ ከረጢት መምሰሉ ነው። የሲሊኮኑ ጄል ለስለስ ያለና ሲዳሰስ ለጡት የቀረበ ነው። አዲሶቹ ደግሞ ጄላቸው የተያያዘ ስለሆነ ለሁለት ቢቆርጧቸው እንኳ ውስጣቸው ፈስሶ አይወጣም። የሲሊኮን ችግሩ ዝምታው ነው። ሽፋኑ ሊቀደድና ሴትዮዋ ለዓመታት ምንም ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህም ነው ሕመም ባይኖርም ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ የሚመከረው።

የሲሊኮን ኢምፕላንት የመጀመሪያዋን ሴት ደረት ያገኘው በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1992 የአሜሪካ መንግሥት ደኅንነቱ አልተረጋገጠም ብሎ ለማስዋቢያነት እንዳይውል ገደበው፤ ብዙ ጥናት ከተካሄደ በኋላም በ2006 መልሶ ፈቀደው። «ሲሊኮን ካንሰር ነው» የሚለው ወሬ ከዚያ ዘመን ተርፎ የቀረ ይመስለኛል። ሲሊኮን የተለመደውን የጡት ካንሰር እንደሚያመጣ አልታየም። ስለዚህ የጓደኛዎ «የማይጎዳው የጨው ውኃው ነው» አባባል ግማሹ እውነት ነው፦ ሲቀደድ ቀላል፣ በቀረው ግን ከሲሊኮኑ እኩል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ምርጫው በክትትሉ ላይ ይቁም እላለሁ። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ምስል ለመነሣት አቅሙም ፈቃዱም ካለዎት፣ እንደ እርስዎ ጡታቸው ለሳሳ ሴቶች ሲሊኮን የተሻለ መልክ ይሰጣል። «አንዴ ካስገባሁ ሐኪም ዘንድ አልመለስም» የሚሉ ከሆነ ግን ቢቀደድ ወዲያው የሚታወቀው የጨው ውኃ ለእርስዎ ይበጃል።

ከሲሊኮንና ከጨው ውኃ ይልቅ አብዝተው እንዲጠይቁ የምፈልገው ስለ ሽፋኑ ገጽ ነው፦ ልሙጥ ነው ወይስ ሻካራ? ሻካራው ገጽ፣ ብዙ ባይሆንም፣ በኢምፕላንቱ ዙሪያ ከሚነሣ ልዩ የሊምፍ ካንሰር ጋር ተያይዟል። ፈረንሳይ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. በጣም ሻካሮቹን ከለከለች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባለውን ሻካራ ዓይነት ከመላው ዓለም ገበያ ሰበሰበ። የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው ኢምፕላንቶች ውስጥ ሆነው እንዳይዞሩ አብዛኞቹ ሻካራ ናቸው። እንግዲህ ቅርጹ ቢያምርዎትም ክቡንና ልሙጡን ይምረጡ፤ ክቡ ቢዞርም መልኩ አይለወጥም።

መጠኑን በጓደኛዎ ፎቶ አይምረጡ። ሐኪሙ የጡትዎን ስፋት በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ከዚያ የሰፋ ኢምፕላንት ወይ ወደ ብብት ይወጣል ወይ መሐል ላይ ይገናኛል። 300 ሲሲ ሲባል ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሞላ ማለት ነው፤ ለሁለቱ ጡት ከግማሽ ኪሎ በላይ ክብደት ይሸከማሉ። ቤትዎ ይሞክሩት፦ ሩዝ በዚያው ልክ ሰፍረው ስስ ካልሲ ውስጥ ይቋጥሩ፣ ሰፋ ባለ የጡት መያዣ ውስጥ ያስገቡና መደብርዎን ከፍተው ግማሽ ቀን ይዋሉበት። ጨርቅ ከመደርደሪያ ሲያወርዱ፣ ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ ጀርባዎ ምን እንደሚል ያዳምጡ። ከዚህ ሙከራ በኋላ 400 ያለችው 275 ብላ ትመለሳለች።

ከጡንቻ በላይ ወይስ በታች ለሚለው፣ በላይኛው የጡት ክፍል ቆዳውን በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት ውፍረቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከጡንቻ ሥር ይሁን፤ ጠርዙ ይሸፈናል። ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ይበዛል፣ ክንድዎን ሲያጠነክሩም ጡቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። በአንጻሩ የመጠንከር ዕድሉ ያንሳል። ይህ መጠንከር የሚመጣው ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚሠራው ጠባሳ ሲኮማተር ነው፤ ጡቱ ይደርቃል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ያምማል። ዳግም ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልግባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የጡት ጫፍ ስሜት መቀነስም ይከሰታል፤ አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና መርሳት መጣብን የሚሉ ሴቶችም አሉ። የሚያረጋግጠው ምርመራ ባይኖርም ኢምፕላንቱ ሲወጣ ቀለል ያላቸው ስላሉ ቅሬታቸውን አጣጥዬ አላልፍም።

የት ይሠራ? አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር እንደሚያስቡ እገምታለሁ። ሐኪሙ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆኑን የሙያ ፈቃዱን አይተው ያረጋግጡ፤ «የውበት ባለሙያ» የሚል ሰሌዳ ፈቃድ አይደለም። የኢምፕላንቱን አምራችና መለያ ቁጥር የያዘ ካርድ ይቀበሉ፤ ከልደት ካርድዎ ጋር ያስቀምጡት። በ2010 እ.ኤ.አ. ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ይሞላ እንደነበር ሲጋለጥ በብዙ አገር ያሉ ሴቶች የገባላቸው የማን ምርት እንደሆነ መፈለግ ጀመሩ። ካርድ የያዘችው ወዲያው አወቀች። ዋጋ ሲጠይቁም የማደንዘዣውን፣ የአልጋውን፣ የክትትሉንና ችግር ቢመጣ የማስወጫውን ጭምር ይጠይቁ። ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ከተመለሱ በኋላ ማን እንደሚያይዎት አስቀድመው ይወቁ። በመርፌ ጡት የሚሞሉ የውበት ቤቶችን በጭራሽ አይጠጉ፤ ለዚህ የተፈቀደ የሲሊኮን መርፌ የለም። አብሽ በማር፣ ቅባትና ክኒንም ጡት አያስተልቁም፤ አብሹን ለወጡ ይተዉት።

ለቀዶ ሕክምናው ሲዘጋጁ ለማደንዘዣ ባለሙያው ጫት እንደሚቅሙ ወይም እንደማይቅሙ እውነቱን ይንገሩ። በእኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ እንደ ወቀሳ ይወሰዳል፤ ወቀሳ አይደለም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ይህን ሳያውቅ መግባት የለበትም። ሲጋራና ሺሻ የደም ሥርን ስለሚያጠቡ ቁስል ያዘገያሉ፤ ማንሣት ከተጨመረበትም የጡት ጫፍ እስከ መሞት ያደርሳሉ። ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ያቁሙ፣ እስኪድኑም አይመለሱባቸው። የጡት አልትራሳውንድም አስቀድመው ይነሡ። ወደፊት ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ሲነሡ ኢምፕላንት እንዳለዎት ለባለሙያው ይንገሩ፤ አነሣሡ የተለየ ነውና።

ከተቻለ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ያድርጉት። ደጋፊው የጡት መያዣ ቀንና ሌሊት ለሳምንታት ይለበሳል፤ በድሬ ሙቀት ላብ እጥፋቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ቁስሉን ያበሰብሳል። ሁለት ሦስት የጥጥ ይኑርዎት፣ ሲረጥብ ይቀይሩ። ለአራት ሳምንት ያህል ሊጥ አያቡኩ፣ ጀሪካን አያንሡ፤ በተለይ ከጡንቻ ሥር ከሆነ ማቡካት ከምንም በላይ ያንን ጡንቻ ያሠራል። ትንሿን ልጅ ማዘል አይቻልም፤ ተቀምጠው እርሷ ትምጣልዎት። በድንጋይ ንጣፍ ላይ በባጃጅ መንገጫገጭም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቅር። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ከሐኪሙ ፈቃድ በፊት አይነሡ፤ በመንገድ ላይም በየሰዓቱ ተነሥተው እግርዎን ያፍታቱ፤ ረጅም መቀመጥ ደም ያረጋል።

አንደኛው ጡት በድንገት ቢያብጥና ቢወጠር፣ ቢቀላና ቢያተኩስ፣ መግል ቢወጣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድል ጮራ ወይም በቅርብዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከዓመታት በኋላም ያለ ምክንያት አንዱ ጡት ውኃ ቋጥሮ ካበጠ ሳይታዩ አይቆዩ፤ ያ የሊምፍ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በዚህ መልክ ነው። በሁለቱም ጊዜ ለሠራልዎት ሐኪም በስልክ ፎቶ ልከው መልስ እየጠበቁ እንዳይቀመጡ።