ላይሲንና ሜቲዮኒን ቤት ሲገቡ፦ ስለ አያያዝና አቀማመጥ ጥያቄና መልስ

በመኖ ማቀነባበሪያ መጋዘን ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት የላይሲንና የሜቲዮኒን ባለ 25 ኪሎ ከረጢቶችን ስረከብ፣ ስመዝንና ሳስቀምጥ ነው። ሁለቱም አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራባቸው ነገሮች ናቸው። በቆሎ ላይሲን ያንሰዋል፣ ኑግ ፋጉሎም እንደዚያው። አኩሪ አተር ደግሞ ሜቲዮኒን ያንሰዋል። ስለዚህ መኖውን ራሱ የሚቀላቅል ዶሮ አርቢ እነዚህን ዱቄቶች መግዛቱ አይቀርም። ዋጋውን ሁሉም ይጠይቃል፤ ቤት ከገባ በኋላ እንዴት እንደሚያዝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን እንደየአመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስሙ «አሲድ» ነው። እጅ ያቃጥላል እንዴ? ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ ቤት ማስገባቱን ፈራሁ።

እህቴ፣ ስሙ አያስደንግጥሽ። የባትሪ አሲድ ዓይነት አይደለም። በሥጋው፣ በእንቁላሉ፣ በሽሮው የምንበላው ፕሮቲን የተሠራው ከእነዚሁ አሚኖ አሲዶች ነው። ደረቁ ዱቄት ጤነኛ ቆዳ አያቃጥልም። ብናኙ ግን ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮም ይከረክራል።

አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። በሜቲዮኒን ምትክ የሚሸጥ ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ አለ፤ 88 በመቶ የሚል ይጻፍበታል። እሱ የምር ኃይለኛ አሲድ ነው፣ ቆዳም ዓይንም ይጎዳል። ያለ ጎማ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም፤ ልጆች ያሉበት ቤትም መግባት የለበትም።

ለልጆችሽ መፍራትሽ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን አሲድነቱ አይደለም። ዱቄቱ ስኳር ወይም ጨው ይመስላል። ከኩሽና አርቀሽ ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ግማሽ ግማሽ ኪሎ በፌስታል እየገዛሁ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ችግር አለው?

አለው ወንድሜ። ከሁሉም ጥያቄዎች ልቤን የነካኝ ይሄ ነው፤ እኔም የተቀጣሁበት ስለሆነ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከመቀላቀያው አጠገብ ክዳን ያላቸው ሁለት ነጭ ባልዲዎች ነበሩኝ። በአንዱ ጨው፣ በሌላው ሜቲዮኒን። እኔ ስለማውቃቸው ስም አልጻፍኩባቸውም። አንድ ቀን አሞኝ ቀረሁና ሌላ ልጅ ተተካ። ልጁ ከጨው ባልዲ የሜቲዮኒኑን ያህል ዘገነ፤ የጨውንም ድርሻ ከዚያው ከጨው ባልዲ ጨመረ። የነቃነው ጫጩቶቹ ከውሃ መጠጫው አልላቀቅ ሲሉና ጉዝጓዛቸው ሲርስ ነው። ልጁን የተቆጣ ሰው ነበር፤ ጥፋቱ ግን ስም ያልጻፍኩት የእኔ ነበር።

ስለዚህ ከተቻለ በራሱ ከረጢት ይቆይ። ማጋባት ግድ ከሆነ ደረቅና ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግ፤ የሚጠጣ ነገር የነበረበት ጠርሙስ አይሁን። ዕቃው ላይ በማርከር የዱቄቱን ስም፣ መቶኛውን፣ የባች ቁጥሩን (አብሮ የተመረተበትን ዙር የሚያሳየውን ቁጥር)፣ የተከፈተበትን ቀንና የአገልግሎት ማብቂያውን ጻፍ። ጽሑፉን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ አድርገው፤ ክዳን ይቀያየራል። በማዳበሪያ ጆንያማ ጨርሶ አታድርገው። ከጆንያው ጥግ የቀረ ዩሪያ ለዶሮ መርዝ ነው፣ ከነጭ ዱቄት ጋር ሲቀላቀልም ዓይን አይለየውም።

በፌስታል የሚሸጥልህም ሰው ዋናውን ከረጢት ያሳይህ። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ሐምሌ ላይ ላይሲኑ ጓጎለብኝ። ልጣለው?

ለመጣል አትቸኩይ። ለገበያ በብዛት የሚቀርበው ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ሜቲዮኒን በዚህ በኩል የተሻለ ታጋሽ ነው። ጓሉን በሁለት ጣትሽ ያዢና ተጫኚው። እንደ ደረቅ አፈር ከተፈረፈረ፣ ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ሻጋታም ካልሸተተ፣ በወንፊት አሳልፊና ቅድሚያ ሰጥተሽ ጨርሺው። ጣትሽ ላይ ከተለጠፈ፣ ውስጡ ከረጠበ ወይም ከሻገተ ግን ለዶሮ አይሰጥም።

ከጠቆረስ? ላይሲን ከስኳር ጋር ሆኖ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ከስኳሩ ጋር ይተሳሰርና ይጠቁራል። እንጀራ ሲያር ወይም ቡና ሲቆላ ከሚታየው መጥቆር ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ያን ላይሲን ዶሮዋ ብትበላውም ሰውነቷ አይጠቀምበትም። ላይሲኑን ቀድመሽ ስኳር ካለበት ሞላሰስ ጋር ለውሰሽ አታቆዪ የምለው ለዚህ ነው። ቪታሚን ካለበት ፕሪሚክስ (ተቀላቅሎ ከሚሸጥ የመኖ ማሟያ) ጋርም አስቀድሞ ቀላቅሎ ለወራት ማስቀመጥ አይበጅም፤ እዚያ የሚጎዳው ደግሞ ቪታሚኑ ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ከረጢቱ ሲሚንቶ ላይ አይረፍ። ፓሌት ከሌለሽ ሁለት እንጨት አጋድመሽ ሳንቃ ደርቢበት። ከግድግዳ ፈቀቅ ይበል፤ የክረምት ግድግዳ ያልበዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ እላይ ድረስ አትደርድሪ፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ንጋት ላይ ጤዛው ይንጠባጠባል። ዘግነሽ ስትጨርሺ የውስጡን ፕላስቲክ አየሩን ጨምቀሽ አስወጪ፣ ጠምዝዢ፣ በገመድ እሰሪ። መዝገኛው ደረቅ ይሁን፤ ስንት ከረጢት የተበላሸው ታጥቦ ሳይደርቅ በገባ ጣሳ ነው! መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ አውጪ።

ጥያቄ፦ የሚቀላቅልልን ልጅ ሁልጊዜ ያስለዋል። ሻሽ ይበቃዋል?

ሻሽ አይበቃም። የብናኝ ማስክ፣ ኤን 95 ወይም ተመጣጣኙ፣ አፍንጫው ላይ ገጥሞ ይታሰር። መነጽርም ያድርግ። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን አወራረዱ ነው፦ ከረጢቱን ከትከሻ ላይ አይገልብጥ፣ ወደ መቀላቀያው አፍ አስጠግቶ በቀስታ ያፍስስ። የፈሰሰውን በኮምፕረሰር መንፋት ወይም በደረቅ መጥረጊያ ማቦነን ክልክል ይሁን። ቀስ ብሎ በአካፋ ይሰብሰብ፣ የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ብናኙ ዓይኑ ውስጥ ከገባ አይሸው፤ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። ሳሉ ሥራ ባቆመበት ቀንም የማይለቀው ከሆነ አሁኑኑ ይመርመር፤ የበቆሎና የፉርሽካው ብናኝም ሳንባ ይጎዳል።

እሳትንም አትርሱ። አየር ላይ የተንሳፈፈ ደቃቅ የሜቲዮኒን ብናኝ፣ ልክ እንደ ዱቄትና እንደ ስኳር ብናኝ፣ ክብሪት ካገኘው በአንዴ ይፈነዳል። ሜቲዮኒን ድኝ ስላለበት ጭሱም የሚያፍን ነው። መቀላቀያ ክፍል ውስጥ ሲጋራ አይጨስ፣ የቡና ከሰል አይግባ። ብየዳ ካለ ሥራው ቆሞ፣ ክፍሉ ተጠርጎ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ የከፈትኩት ሜቲዮኒን ይሸታል። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ድኙ ነው፤ የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ሽታ የተፈጥሮው ነው። እኔስ የምጠረጥረው ምንም የማይሸተውን ነው።

ጥያቄ፦ የተደባለቀበት መሆኑን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል?

በከፊል። በማንኪያ ትንሽ ዱቄት ላይ ሎሚ ጨምቅ። አረፋ አውጥቶ ከፈላ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ገብቶበታል። ሌላ ቁንጣሪ ላይ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዮዲን ጠብ አድርግ። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከዞረ የእህል ዱቄት አለበት። የሞከርክበትን ጣለው። ሁለቱንም ቢያልፍ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ጨው ሁለቱንም ያልፋል። ብዙ ከረጢት የምትገዛ ከሆነ ናሙና ላቦራቶሪ ላክ።

ጥያቄ፦ አንዱ ላይሲን 98.5፣ ሌላው 70 ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ባስቀምጥ ምን አለበት?

ለየብቻ አስቀምጥ፤ ልኬታቸው ይለያያል። 98.5 የሚለው ሃይድሮክሎራይዱ ነው። በውስጡ ያለው እውነተኛ ላይሲን ወደ 78 በመቶ ነው፣ የቀረው የክሎራይዱ ክብደት ነው። 70 የሚለው ብዙውን ጊዜ ላይሲን ሰልፌት ነው፤ እውነተኛ ላይሲኑ ወደ 55 በመቶ ይሆናል። ቀመሩ ለአንድ ኩንታል 200 ግራም ንጹሕ ላይሲን ካለህ፣ ከመጀመሪያው ወደ 256 ግራም፣ ከሁለተኛው ወደ 364 ግራም ትመዝናለህ። ከረጢቶቹ ከተቀያየሩ ወይ ገንዘብህ ወይ ዶሮዎችህ ይጎዳሉ። ትክክለኛውን መቶኛ ከራሱ ከከረጢቱ ጽሑፍ ላይ ተመልከት።

ጥያቄ፦ 200 ግራም ለአንድ ኩንታል በጣም ትንሽ ነው። እንዴት ይዳረሳል? ጨመር ባደርግስ?

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ትበላለች። በዚህ ስሌት ድርሻዋ ከሩብ ግራም ያንሳል። ስለዚህ ዱቄቱን ቀጥታ ክምሩ ላይ አትበትን። መጀመሪያ ከአንድ ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር አሸው፣ ያንን ከአሥር ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀረው ጋር። የወጥ ቤት ሚዛን እንጂ የኩንታል ሚዛን አትጠቀም።

ጨመር አይደረግም። ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ሲበዛ ቶሎ የሚጎዳው ሜቲዮኒን ነው፤ ዶሮዎቹ መብላት ይቀንሳሉ፣ እድገታቸውም ይጎተታል።

ጥያቄ፦ ጂም የሚሠራ ወንድሜ «ያው አሚኖ ነው» ብሎ ከዶሮው ላይሲን ሊወስድ ነው።

እባክሽ አስጥዪው። ሞለኪዩሉ አንድ ቢሆንም፣ የመኖው ደረጃ ሰው ለሚበላው በሚጠየቀው የንጽሕና ደረጃ አልተመረተም፣ በዚያም አልተመረመረም። በመጋዘናችን ከመድኃኒትና ከማዕድን ጋር ጎን ለጎን የሚቆም፣ ባንድ አካፋ የሚዘገን ዕቃ ነው። እኔ ለልጄ አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ባዶ ከረጢቱን ለጤፍ ማስቀመጫ ብጠቀምበትስ?

አይሆንም። መጀመሪያ የውስጡን ፕላስቲክ መቀላቀያው ላይ አራግፉት፣ ጥጉ ላይ የሚቀር አለ። ከዚያ በቢላ ቅደዱት፤ ካልተቀደደ ሌላ ዱቄት ሞልቶበት ገበያ ይመለሳል።