ካሽ ሬጅስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትይዝ ካሸር

«በሚቀጥለው ሳምንት ሚኒ ማርኬት ውስጥ በካሸርነት ሥራ እጀምራለሁ፤ ማሽን ነክቼ አላውቅም፤ በቅድሚያ ምን ልልመድ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፦

ማሽኑ አያስፈራሽ፤ ቁልፎቹን ቶሎ ትለምጃቸዋለሽ። ካሸርን ከደመወዟ የሚያስቆርጧት ቶታል ከተመታ በኋላ የሚታይ ስህተት፣ የመልስ አሰጣጥና የማታው ሂሳብ ናቸው። ልምምድሽን እነሱ ላይ አውዪው።

ጠዋት መሳቢያውን ስትረከቢ ለመልስ የተቀመጠውን ብር አስረካቢው ፊት ቆጥረሽ አስፈርሚ። «2,000 ነው» ስለተባልሽ ብቻ አትቀበይ፤ ከጎደለ ማታ ጉድለቱ ያንቺ ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን እዪ። የማሽኑ ወረቀት የሚጠቁረው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው፣ ያውም በአንድ ጎኑ ብቻ። ተገልብጦ ከገባ ደረሰኙ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሽያጩ ግን ማሽኑ ውስጥ ስለተመዘገበ ደግመሽ ብትመቺው ሁለት ሽያጭ ይሆንብሻል። ትክክለኛውን ጎን ለመለየት በጥፍርሽ ጫር አድርጊው፤ የሚጠቁረው ፊት ወደ ማተሚያው ይዙር።

ሽያጭ ስትመቺ ብዙውን ጊዜ ብዛት ይቀድማል። ሦስት ሳሙና ከሆነ 3፣ ማባዣ፣ የሳሙናው ኮድ፣ ፒኤልዩ (ዕቃውን በኮዱ የሚጠራው ቁልፍ)። ኮድ ለሌለው ዕቃ ዋጋውን ጽፈሽ ዲፓርትመንቱን (የዕቃውን ምድብ ቁልፍ) ትመቺያለሽ። ታክሱ የተያያዘው ከዲፓርትመንቱ ጋር ስለሆነ ቫት ያለበትን ዕቃ ከቫት ነፃ በሆነው ላይ ከመታሽው ጠቅላላው ብር ልክ ቢመስልም የታክሱ ሂሳብ ይበላሻል። የትኛው ዕቃ በየትኛው እንደሚመታ ከሂሳብ ሠራተኛው አስጽፈሽ አጠገብሽ ለጥፊ። ሳንቲሙንም ጠይቂ፤ 45 ብር ለማስገባት አንዳንዱ ማሽን 45 ሲበቃው ሌላው የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ሳንቲም ስለሚያደርጋቸው 4500 ይፈልጋል።

ቶታልን ከመምታትሽ በፊት ስክሪኑን አንብቢ፣ ድምሩንም ለደንበኛው ጮክ ብለሽ ንገሪው። እስከዚያ ድረስ የተሳሳተውን ቮይድ ታደርጊዋለሽ፣ ማለትም ትሰርዢዋለሽ። ቶታል ከተመታ ግን ደረሰኙ ቁጥር ወስዶ ማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ገብቷል፤ የሚሰርዘው የለም። ደንበኛው ሳይሄድ ደረሰኙን ተቀብለሽ ሱፐርቫይዘር ጥሪ፣ በተመላሽ አሠራሩ መሠረት ተፈራርማችሁ ዋናውን ደረሰኝ አያይዢ። «ከሚቀጥለው ሽያጭ ላይ ቀንሼ አስተካክለዋለሁ» የሚለውን ምክር ማንም ቢሰጥሽ አትስሚ። አንድ የተሳሳተ ደረሰኝ ሁለት ይሆናል፣ ለታክስ መርማሪም መልስ አይኖርሽም።

ክፍያ ላይ ደንበኛው የሰጠሽን ብር አስገብተሽ ቶታል ካልሽ መልሱን ማሽኑ ይነግርሻል፤ ሂሳቡ 385፣ የሰጠሽ 500 ከሆነ 115። የተቀበልሽውን ብር ግን መልሱ ተቆጥሮ እስኪሰጥ መሳቢያው ላይ ለይተሽ አቆዪው። «እኔ የሰጠሁሽ ሁለት መቶ ነው» የሚል ጭቅጭቅ የሚነሳው መቶው ከሌሎች መቶዎች ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፈል የደንበኛው ስልክ ላይ ያለ ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንሽም፤ ገንዘቡ መግባቱን በሱቁ ስልክ አረጋግጪ። ማሽኑ ላይም በካሽ አትምቺው፣ ማታ መሳቢያሽ የጎደለ ይመስላል።

ቫቱ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። 460 ብር ቫትን ጨምሮ ከሆነ ለ1.15 ይካፈላል፤ ዋጋው 400፣ ቫቱ 60 ነው። የ460ን 15 በመቶ ወስዶ 69 ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ «ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ገዝቼ ነበር» ላለሽ ሰው የምትፈልጊው 10 ሰዓት ያለውን ነው።

ማታ ኤክስና ዜድ የሚባሉትን የማሽኑን ሪፖርቶች አታምታቺ። ኤክስ እስከዚያ ሰዓት ያለውን ሽያጭ ያነብልሻል እንጂ አይዘጋም፤ ደጋግመሽ ብታወጪው ችግር የለውም። ዜድ ግን የቀኑን ሂሳብ ዘግቶ ወደ ማሽኑ ቋሚ ማስታወሻ ያስገባል፣ ቆጣሪውንም ወደ ዜሮ ይመልሳል። በፈረቃ ለውጥ ላይ ዜድ እንዳትመቺ፤ ቀኑ ሲያልቅ ደግሞ ሳታወጪ እንዳትሄጂ። መጀመሪያ ኤክስ አውጪና ቁጠሪ፦ የጠዋቱ 2,000 ሲደመር የካሽ ሽያጭ 18,450፣ በወረቀት ተፈርሞ የወጣ 300 ሲቀነስ፣ መሳቢያው ውስጥ 20,150 ሊኖር ይገባል። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል፤ 540 የሚለው 450 ተብሎ ሲመታ ልዩነቱ 90 ነው። ከደረሰኞቹ መሐል መጀመሪያ ይህን ፈልጊ።

ማሽኑ ሥራ ካቆመ ማኅተሙን ማንም እንዳይነካው፤ የሚከፍተው የአገልግሎት ማዕከሉ ባለሙያ ብቻ ነው። የቆመበትን ሰዓት ጽፈሽ ወዲያው ለኃላፊሽ ንገሪ፣ ለማዕከሉና ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቁ የኃላፊሽ ሥራ ነው። እስኪጠገን ድረስ በታክስ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በታተመው የእጅ ደረሰኝ ሽጪ፤ የት እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቂ።

የዜድ ወረቀቶችን ፀሐይ ላይም በላስቲክ ጠቅልለሽም አታስቀምጪ፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በየማታው ፎቶኮፒ አድርገሽ ከዋናው ጋር ለሂሳብ ክፍል አስረክቢ፣ ርክክቡንም አስፈርሚ።