ከብልት ተከላ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሕመም ማስታገሻ እንዴት ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 57 ነው፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ስኳርና ደም ግፊት ስላለብኝ ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድና ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ለስንፈተ ወሲብ ክኒኑ አልሠራልኝ ሲል ህንድ አገር ሄጄ በፓምፕ የሚሠራ መሣሪያ ብልቴ ውስጥ ተተከለልኝ። ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። ከባለቤቴ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ሲሸኙኝ አሴክሎፌናክና ፓራሲታሞል አንድ ላይ ያለበት ክኒን፣ ለሌሊት ደግሞ 50 ሚሊግራም ትራማዶል ሰጡኝ። ባለቤቴ «ትራማዶል ሱስ ያስይዛል» ብላ ስትፈራ በ7ኛው ቀን ሁሉንም አቆምኩ፤ ሌሊቱን ስቃትት አደርኩ። በማግስቱ ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ሄጄ ወገቤን አሞኛል ብዬ ዲክሎፌናክ ገዛሁ። አሁን እሱንም፣ ከህንድ ያመጣሁትንም፣ ፓናዶልም ሲያመኝ እያነሣሁ እውጣለሁ። ጾምም ይዣለሁ። ስንት ልውሰድ? ሱስ ይይዘኛል? ሕመሙስ መቼ ነው የሚለቀኝ?

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተመለሱ። ደብዳቤዎን ሳነብ ቆም ያደረገኝ «ወገቤን አሞኛል ብዬ» ያሉት ነው። ባለሙያው የነገሩትን ሰምቶ ነው የሰጠዎት፤ ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ መስጠት የተለመደ ነው። ስኳር እንዳለብዎ፣ ኢናላፕሪል እንደሚወስዱ፣ ሻንጣዎ ውስጥ አሴክሎፌናክ እንዳለ በምን ይወቅ?

አሴክሎፌናክና ዲክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኢቡፕሮፌንም ከዚያው ነው። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ሕመሙን ብዙም አይቀንሰውም፤ በጨጓራና በኩላሊት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ግን ይጨምረዋል። የእርስዎ ኩላሊት ደግሞ በስኳሩና በግፊቱ ጫና ያለበት ነው። ከኢናላፕሪል ጋር ሲገናኙ የኩላሊትን ሥራ በድንገት ሊያደክሙት ይችላሉ፤ ኩላሊት ከደከመ በእሱ በኩል የሚወጣው ሜትፎርሚን በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ከህንድ ያመጡትን ጥምር ክኒንም የኩላሊት ምርመራ (ክሬያቲኒን) አሠርተው ሐኪም እስኪያየው ድረስ ያቆዩት። ክሊኒክ ገብተው «መርፌ ውጉኝ» እንዳይሉም አደራ፤ ብዙ ጊዜ ለሕመም የሚወጋው ያው ዲክሎፌናክ ነው።

መሠረቱ ፓራሲታሞል ይሁን። የ500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየ8 ሰዓቱ ይውሰዱ፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት። ይህ በ24 ሰዓት 3 ግራም ነው። ለአዋቂ የመጨረሻው ጣሪያ 4 ግራም ቢሆንም ለእርስዎ ከ3 እንዲያልፍ አልፈልግም፤ ጉበትዎ ችግር ካለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትሩ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ማነስ አለበት። ፓናዶል ማለት ፓራሲታሞል ነው። የጥምሩ ክኒንም፣ የብዙ ጉንፋን መድኃኒቶችም ሆድ ውስጥ ያለው እሱው ነው። ስሙ ስለተለያየ ሌላ መድኃኒት የወሰዱ ይመስልዎታል፤ ጉበት ግን ድምሩን ነው የሚቆጥረው።

ሕመሙ እስኪነሣ አይጠብቁ። አንዴ ከጋለ ለመመለስ ብዙ መድኃኒት ይፈልጋል፤ በሰዓቱ ከተወሰደ ግን በትንሹ ይያዛል። ለአራት አምስት ቀን በሰዓቱ ይውሰዱና ከዚያ የቀኑን፣ ቀጥሎ የጠዋቱን፣ በመጨረሻ የማታውን እያስቀሩ ይውጡ። የህንዱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ እዚያ «ጠዋት 8» የተባለው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በዚህ ተሳስተው መድኃኒታቸውን ከሰዓት በኋላ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ።

ስለ ትራማዶል የባለቤትዎ ስጋት መሠረት አለው፤ ሱስ ያስይዛል፣ ሰፈራችን ውስጥም ያጠፋቸው ወጣቶች አሉ። ሆኖም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ሌሊቶች በትንሽ መጠን የወሰደ ሰው ሱሰኛ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። በ7ኛው ሌሊት ያቃሰቱትም ሱስ ሆኖብዎት አይመስለኝም፤ ቁስሉ ገና ጥሬ ሳለ ሁሉንም ማስታገሻ በአንድ ቀን ስለጣሉት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከግሊቤንክላማይድ ጋር መገናኘቱ ነው። ትራማዶል ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ግሊቤንክላማይድም ያንኑ ይሠራል፤ ጾሙ ሲጨመርበት ሌሊት እንቅልፍ ላይ ስኳርዎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፓራሲታሞሉን ወስደውም እንቅልፍ እምቢ ካለ ብቻ አንድ ፍሬ፣ ቢበዛ ለሦስት ሌሊት ይውሰዱ፤ ከመተኛትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ፤ ባለቤትዎም ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መቀባዠር ካየች ስኳር በጥብጣ እንድትሰጥዎት ይንገሯት፤ ራስዎን ካላወቁ ግን በአፍ ምንም ሳትሰጥ አምቡላንስ ትጥራ። ከአልኮልና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር በፍጹም አይሆንም። የሚጥል በሽታ ካለብዎ፣ ወይም ለእግር ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱ ከሆነ ጭራሹን አይንኩት። የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ወደ መድኃኒት ቤት ይመልሱት።

ስለ ጾሙ፣ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ለሕመምተኛ መፍቀድ አዲስ ነገር አይደለም። ግሊቤንክላማይድ ውጦ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል ቁስል ለሌለበትም ሰው አደገኛ ነው፤ ቁስል ላለበት የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ምግብ የመዳኛው አንዱ ክፍል ነው። የጾም ምግብ መብላት ይችላሉ፤ ሰዓቱን ነው የማልፈቅድልዎት። ትራማዶል ሆድ ስለሚያደርቅ ተልባ፣ ጎመንና በቂ ውኃ አይለይዎት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከባዱ ሕመም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ብዙው ሰው ይቀለዋል። ፓምፑ ያለበት የቆለጥ ከረጢት ግን ሲነካ እስከ አራት ስድስት ሳምንት ሊያም ይችላል፤ ስኳር ባለበት ሰው አንዳንዴ ይዘገያል። እኔ የምጠይቀው ሕመሙ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው። ከትናንት ዛሬ ከቀነሰ ጥሩ ነው። ሲቀንስ ቆይቶ ተመልሶ ከጨመረ ግን ማስታገሻ ማብዛት መፍትሔ አይሆንም፤ መሣሪያው ተመርዞ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ የጨመረው መድኃኒት ባቆሙበት ቀን ስለሆነ ምክንያቱ እሱ ይመስለኛል። ቢሆንም ሳይታይ መተው የለበትም፤ ለስኳር ሕመምተኛ ኢንፌክሽን ቅርብ ነው።

ፓራሲታሞል ትኩሳትን ስለሚደብቅ ሙቀትዎን ከመዋጥዎ በፊት ይለኩ። 38 ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ከረጢቱ ከቀላና ካቃጠለ፣ ቆዳው ፓምፑ ላይ ከተጣበቀ፣ መግል ካዩ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ። ሌሊት ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አንቲባዮቲክ በራስዎ ገዝተው አይሞክሩ፤ የተመረዘ መሣሪያ ብዙ ጊዜ መውጣት አለበት፤ በጊዜ የደረሰ ሰው ግን ታጥቦለት በአዲስ የሚተካበት አጋጣሚም አለ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ባይኖር እንኳ በዚህ ሳምንት ውስጥ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ዘንድ ይታዩ፤ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ዩሮሎጂ ክፍል አላቸው። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትና የመሣሪያውን ካርድ ይያዙ። መሣሪያው በከፊል እንደተነፋ ተትቶ ከሆነ ሕመሙ ከዚያ ሊመጣ ስለሚችል ይህንንም ይጠይቁ። እርስዎ ራስዎ ግን ፓምፑን እንዳይሞክሩት፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ሐኪም ነው የሚያስጀምረው።

ብልትዎን ወደ እምብርት አቅጣጫ ቀና አድርጎ የሚይዝ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይልበሱ፤ እብጠቱንም ሕመሙንም ይቀንሳል። ባጃጅ ላይ መንገጫገጩ ስለሚጎዳዎት ለጊዜው ይቅርብዎ። ውኃ ሲጠፋም ጄሪካን ተሸክመው ደረጃ አይውጡ፤ እስከ ስድስት ሳምንት ልጆቹ ያውጡ።

ምስጢርዎን ለማንም የመንገር ግዴታ የለብዎትም፤ ማፈርዎንም አልነቅፍም። መድኃኒት ቤት ሲሄዱ ግን ወገብዎን ተወት አድርገው እንዲህ ይበሉ፦ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፣ ስኳርና ግፊት አለብኝ፣ የምወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው» እና ማሸጊያዎቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ምን እንደተሠራልዎት ቢጠይቁዎት «ከእምብርት በታች ነው» ማለት ይበቃል።