አውራጅ በዝቶ ተቀባይ ሲጠፋ

ባለፈው ሰሞን ሁለት ልጆች ሱቄ መጡ። ሞንታርቦ ሊከራዩ ነው። አራት ትልልቅ ሞንታርቦ፣ ሁለት ቤዝ፣ ሚክሰር፣ ስድስት ማይክ። እዚሁ ደብረ ብርሃን የራፕ ዝግጅት አስበዋል።

"ስንት ሰው ትጠብቃላችሁ?" አልኳቸው።

"ጋሼ፣ 500 አይቀርም" አለኝ ረጅሙ። በምን አወቅክ ስለው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የቴሌግራም ቻናላቸው 3 ሺህ ተከታይ አለው።

"ባለፈው ዝግጅታችሁ በር ላይ ከፍሎ የገባውስ?"

ተያዩ። "እሱን አልቆጠርንም።"

የዚያን ቀን አላከራየኋቸውም። ገንዘብ ጠልቼ አይደለም። ሻይ ጋበዝኳቸውና ብዙ አወራን። ከሄዱ በኋላ ደግሞ ያልነገርኳቸው እየታወሰኝ ይሄን ደብዳቤ ጀመርኩ። ለእነሱም ነው፣ እነሱን ለመሳሰላችሁም።

እኔ ራፐር አይደለሁም። ልሁን ብልም ትንፋሼ አይበቃኝም። በልጅነቴ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ከበሮ መትቻለሁ። ከዚያ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ካሴት ሸጥኩ። ካሴት ሲሞት ሲዲ፣ ሲዲ ሲሞት ሚሞሪ መጫን፣ አሁን ደግሞ የድምፅ ዕቃ ማከራየት። ዕድሜዬን ከሞንታርቦ ጀርባ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ዘፋኙ ሳይሆን ሰሚው ነው።

በእኛ አገር ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለው። ተቀባይ ከሌለ አውራጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሁለት ስንኝ ብሎ ይደክማል። አዝማሪ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ከታዳሚው አንዱ ብድግ ይልና "ተቀበል!" ይላል። ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሰዋል። ሰሚውም ሠሪ ነው ማለት ነው።

የከተማችን የራፕ ችግር እዚህ ላይ ነው። አውራጅ ሞልቷል። አንዱ ራፐር ሁለት ጓደኛ አለው፣ ሁለቱም ራፐር ናቸው። ሦስቱም ተራቸውን እንጂ የሌላውን አይሰሙም። ስለዚህ ደብዳቤዬ በዋናነት መድረክ ላይ ለማትወጡት ነው። ለምትከተሉት፣ ፖስተር ለምትለጥፉት፣ በስልክ ለምትቀርጹት።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። 1994 አካባቢ አንድ ልጅ በካሴት የቀዳውን ራፕ ይዞ ሱቄ መጣ። "ጋሼ፣ እስቲ ይስሙት" አለኝ። ግማሽ ደቂቃ ሰማሁና አጠፋሁት። "ይሄ ወሬ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም" አልኩት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሙድ ያዙበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ካሴቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ፉከራና ቀረርቶ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ። ሲፎክሩ ዜማ የጠየቃቸው አለ? ቃል በምት ላይ ሲወረወር ከማንም በላይ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ኋላ እነ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል በአማርኛ ራፕ ሲያደርጉ፣ ወጣቱም አብሯቸው ሲያነበንብ ባየሁ ቁጥር ያ ልጅ ይመጣብኛል።

ሂፕ ሆፕ ከየት መጣ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የተደረገ ጭፈራ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1965። ሴጅዊክ ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 1520፣ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር ያለች የመዝናኛ ክፍል። ሸክላ ያጫወተው ክላይቭ ካምቤል ነው፣ ዲጄ ኩል ኸርክ የምትሉት። የ18 ዓመት ልጅ ነበር። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዝግጅቱን ያዘጋጀችው ግን እህቱ ናት፣ ሲንዲ ካምቤል። ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ፈልጋ ነው። የጥሪ ካርዱ በእጅ የተጻፈ ነበር። መግቢያ ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም።

ስሟን የሚጠራላት ጥቂት ነው። እሷ ሰው ባትጠራ ግን ወንድሟ ለግድግዳ ነበር የሚያጫውተው። እናንተ እንድትሆኑልኝ የምፈልገው ሲንዲን ነው። ልብ በሉ፣ ክፍሏ ትንሽ ናት። ስታዲየም አልተከራየችም።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት ሱቄን ዘግቼ ስሄድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ሰባት ስምንት ልጆች ክብ ሠርተው ቆመዋል። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ታውቁታላችሁ፣ ውርጭ ነው። ስልክ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ከተው ድምፁን አጉልተውታል። ከጣሳው ምት ይወጣል፣ እነሱ በየተራ ይላሉ። ቆሜ ሰማሁ። አብዛኛው ያው ነው። መኪና፣ ብር፣ ያልታየ ጠላት። አንድ ቀጭን ልጅ ግን ተራው ሲደርስ እንዲህ አለ፦

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ፣
ብርድ ልብስ ሠሪ አባቴ በባዶ እጁ አቀፈኝ።

ክቡ ዝም አለ። ቀጥሎ አንዱ "ድገመው!" አለ። ይሄ ነው ተቀባይ ማለት። እኔም በጋቢዬ ውስጥ ሆኜ "ድገመው" አልኩ፣ ዞር ብለው ሲያዩኝ ግን አፈርኩ። በማግስቱ ስንኙን ለቡና ጠጪው፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለሚስቴ ነገርኩ። ሚስቴ ራፕ አትወድም። "የማን ልጅ ነው?" አለችኝ። አንድ ሰው የማን ልጅ ነው ብሎ ከጠየቀ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ያቺን ስንኝ ብሮንክስ የተወለደ ሰው አይጽፋትም። አዲስ አበባ የተወለደም አይጽፋትም። ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ የበረደው ልጅ ነው የሚጽፋት። የምታስተዋውቁት ይሄን እንጂ የልጁን መነጽር አይደለም።

ታዲያ ያቺ ስንኝ በአዳራሽ ብትባል ትሰማ ነበር? እጠራጠራለሁ። እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ ትንሽ ታገሱኝ።

አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ቋንቋ ነው። "አለ" ቢላላ ተናገረ ነው፣ ቢጠብቅ ይገኛል ነው። "ገና" ቢላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ቢጠብቅ በዓል ነው። ራፐሩ ቃሉን ምቱ ላይ ሲያስቀምጥ የሚጠብቀውን ካላላው ትርጉሙ ይጠፋል። ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ሆን ብሎ ይጫወትበታል፣ ሰምና ወርቁም እዚያ ውስጥ ነው። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ቃሉ ከተሰማ ብቻ ነው። እናንተ ግን ሁልጊዜ "ጋሼ ቤዙን ይጨምሩት" ትሉኛላችሁ። ቤዙ ደረት ይመታል፣ ቃሉ ይዋጣል። ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወጥቶ ምን አለ ቢባል አያውቅም።

ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት አንዳችሁ አዳራሹ መጨረሻ ሄዳችሁ ቁሙ። ቃሉ ለይቶ ካልተሰማችሁ ቤዙን ቀንሱ። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፣ ሰው ሲሞላ ይለወጣል፣ ስለዚህ ዝግጅቱ መሐል ላይም ደግማችሁ ሂዱ። ሌላው፣ ማይኩን ጭንቅላቱ ላይ አትጨብጡት። ቪዲዮ ላይ ስታዩት ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን የማይኩ ወንፊት በእጅ ሲሸፈን ድምፁ ይታፈናል፣ ማፏጨትም ይጀምራል። ከዚያ "የጋሼ ዕቃ አሮጌ ነው" ይባላል። አሮጌ መሆኑን አልክድም፣ ያፏጨው ግን በእጃችሁ ነው።

የፖስተሩን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ዝግጅት ላይ አብሬ ገባሁ። ፖስተሩን አንድ ጎበዝ ልጅ ስልኩ ላይ ሠራው። ዝግጁ ከሆነ የእንግሊዝኛ ቅርጽ ላይ ነው የወሰደው፣ ሰዓቱን "2:00" ብሎ ተወው። እኔ አይቼ ጥሩ ነው አልኩ። ያሰብነው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 11 ሰው መጣ። ልጆቹ ለ11 ሰው ዘፈኑ፣ እኔም ዕቃውን መፍታት ጀመርኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ። ሽቦ ስጠቀልል ነው የደረሱብኝ። እነሱ ናቸው ልክ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 2 ሰዓት 2 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ፖስተር ባየሁ ቁጥር ስዕሉን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የማየው። "ከቀኑ" ወይም "ከምሽቱ" ብላችሁ በፊደል ጻፉ። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር።

"የሸዋ ቁጥር አንድ ራፐር" ብላችሁም አትጻፉ። በአንድ ከተማ አራት ቁጥር አንድ አየሁ። ስለ ልጁ አንድ እውነት ጻፉ። የትኛው ሰፈር አደገ፣ ስለ ምን ይላል፣ ከሁሉ የምትወዱለት ስንኝ የቷ ናት። ደካማውን ዘፈን ደካማ ነው በሉት፣ ለብቻው ጠርታችሁ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ጥሩ ነው ስትሉ ሰው ያምናችኋል። የሁሉንም ዘፈን "እሳት ነው" የሚል ቻናል ማንም አይከፍተውም፣ እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ተከታትዬ ተውኩት።

መንገዱን ደግሞ በሁለቱም በኩል እዩት። ሁላችሁም ወደ አዲስ አበባ ነው የምታዩት፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ይቀርባል። ግን በጣርማ በር ዋሻ ወርዳችሁ ደብረ ሲና ግቡ፣ ሸዋ ሮቢት ቀጥሉ። ከእኛ ጋቢ ለብሳችሁ ወጥታችሁ እዚያ በካናቴራ ትቆማላችሁ። እዚያም በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ማይክ የጨበጠ ልጅ አለ። መሐል ሜዳም፣ እነዋሪም። ዘፈኑን በፍላሽ ጭናችሁ ለባጃጅና ለሚኒባስ ሾፌሮች ስጡ። ሾፌር ከወደደው በቀን ስንት ተሳፋሪ ያሰማላችኋል፣ ዳታም አይበላም። ዐቢይ ጾም ላይ ግን ዝግጅት አትጥሩ፣ ይሄን መንገርም አያስፈልግም ነበር።

ስለ ምት ነጠቃም አንድ ነገር። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 410/1996። ዩቲዩብ ላይ "ፍሪ" የተባለ ምት ሁሉ ነፃ አይደለም። ብዙ ጊዜ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ እስካላገኛችሁበት ድረስ ነው። ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ፣ ምቱን የሠራውንም ስም ጻፉ። ይሄን የምላችሁ አንድ ካሴት ገዝቼ ስንቱን ገልብጬ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ሳቁ፣ ይገባኛል።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ካሴት ነው። የኪነት ቡድናችን የተቀዳበት አንድ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ነበረኝ። አውራጃችን ድምፀ መረዋ ልጅ ነበረች፣ እኛ ተቀባይ ነን። አንድ የበዓል ዋዜማ ሱቄ ውስጥ ባዶ ካሴት አለቀ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። መሳቢያውን ስከፍት ያ ካሴት አለ። የሰሞኑን ተወዳጅ ዘፈን ቀዳሁበትና ሸጥኩት። ሌላ ቅጂ የለም። አውራጃችን ዛሬ በሕይወት የለችም። ልጇ አንድ ቀን መጥታ "የእናቴ ድምፅ እርስዎ ጋ አለ ሲሉ ሰማሁ" አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ለእናንተም አልነግርም።

እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ መቅጃ አለ። ቅዱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘፋኙንና የምት ሠሪውን ስም ጻፉበት። ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ስልክ ይሰረቃል። ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ያ ቀጭን ልጅ ያላትን ስንኝ የዚያን ምሽት ማንም አልቀዳትም። እኔ ነኝ በቃሌ የያዝኳት።

ሁለቱን ልጆች ደግሞ፣ ይሄን ካነበባችሁ ተመለሱ። ትልልቆቹን ተዉአቸው። ሁለት ትንንሽ ሞንታርቦና ሁለት ማይክ ለ40 ሰው ይበቃል። ዋጋውን እንነጋገራለን። በሩ ላይ አንድ ሰው አስቁሙና የገባውን አስቆጥሩ። ሰዉ ካላጨበጨበም አትደንግጡ፣ ብርድ ነው፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ኤክስቴንሽን ግን ከቤት ይዛችሁ ኑ፣ የእኔን ባለፈው የወሰደው ሰው እስካሁን አልመለሰም።