መልስ፦ ከትራክተሩ ወንበር ጎን ያሉት ሁለቱ የሃይድሮሊክ ማንሻዎች ምን ይለያቸዋል?

ወንድሜ፣ ሁለቱም የሚያንቀሳቅሱት ማረሻው የሚታሰርበትን ያንኑ የኋላ ክንድ ነው፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ፖዚሽን የሚባለው ማንሻ ክንዱን ባስቀመጥከው ከፍታ ላይ ይዞ ያቆየዋል፣ አለቀ። ለሳር ማጨጃና ለመድኃኒት መርጫ ይሄ ይበቃሃል።

ድራፍት የሚባለው ሌላው ማንሻ ግን የሚከታተለው የመጎተቱን ክብደት ነው። ማረሻው ጠንካራ መሬት ሲገጥመው ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ዘንግ ወደ ትራክተሩ ይገፋል፣ ግፊቱ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ይነካና ክንዱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ መሬቱ ሲለሰልስ ደግሞ ራሱ ይመለሳል። መሐንዲሱ ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው ሐሳብ ነው፣ እስካሁን የተሻለ ያየሁ አይመስለኝም። በድራፍት ስታርስ የፖዚሽኑን ማንሻ ወደ ታች ልቀቀው፣ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ። ብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ድራፍት የላቸውም፣ እነሱ ላይ ጥልቀቱን በማረሻው ጎማ ነው የምትወስነው።

ማረሻው ዱብ ይላል ላልከው፣ ከወንበሩ ሥር ፊት ለፊት ያለችውን ክብ መዘውር አጥብቃት፣ አወራረዱ ይዘገያል። ጨርሳ ስትዘጋ ክንዱን ትቆልፋለች፣ ግን እሷን አምነህ ሥሩ እንዳትገባ፣ ድጋፍ አድርግበት። ሽቅብ ጥግ ድረስ ስታነሳው ሃይድሮሊኩ የሚጮህ ከሆነ ማንሻውን በጣት ያህል ወደ ታች መልሰው።