የሳይነስ ኦፕራሲዮን የውስጥ ጠባሳ፦ ሁለቴ ተኝቼ የተማርኩት

እህቴ፣ «የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባለው አጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ) ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው፤ ጠባሳ እንዳይቀር ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አለ። እኔ ሁለቴ ተደርጌያለሁ። ሁለተኛውን ያመጣብኝ የመጀመሪያው ጠባሳ ነው።

ፊቴ ላይ ምልክት ይቀራል ብለሽ ከሆነ አታስቢ። ዛሬ አብዛኛው የሚሠራው በአፍንጫ ቀዳዳ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ነው፤ ከውጭ አይቀደድም። ጣጣው ውስጥ ነው። አፍንጫችን ውስጥ ተርቢኔት የሚባል ሥጋ የለበሰ ስስ አጥንት አለ። መካከለኛው ተርቢኔት ከአፍንጫው የጎን ግድግዳ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሁለቱም ከተላጡ ቁስል ከቁስል ተጣብቆ ይድናል፤ የሳይነሱንም በር ይዘጋዋል።

የኔም ይኸው ነበር። በሳምንቱ አየር ሲገባልኝ ዳንኩ ብዬ ሐኪሙ የደረቀ ደምና ቅርፊት ከአፍንጫ የሚያወጣበትን የጽዳት ቀጠሮዬን ዘለልኩ። ከ3 ወር በኋላ ቀኝ አፍንጫዬ ድፍን አለ። ሐኪሟ ካሜራውን አስገብታ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ። ነጭ ክር የመሰለ የጠባሳ ድልድይ ከተርቢኔቱ ወደ ጎን ግድግዳው ተዘርግቷል።

ሁለተኛው ላይ መጠየቅ ተምሬ ነበር። ዋናው ነገር ስስ ሽፋኑን አለመግፈፍ ነው። የታመመውን ብቻ ነክሶ የሚቆርጥ መሣሪያ አለ። እየጎተቱ ከገነጠሉት ግን አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ቶሎ አይድንም። ቀጥሎ ተርቢኔቱን ከጎን ግድግዳው አርቀው፣ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች ከሚለየው መሃለኛ ግድግዳ ጋር በሚሟሟ ክር ሰፉልኝ። ክሩ እስኪሟሟ ጎኑ ይድናል። አንዳንድ ሐኪም በመስፋት ፈንታ በተርቢኔቱና በጎን ግድግዳው መሃል ስፕሊንት (ስስ መለያያ) ወይም የሚሟሟ ስፖንጅ ያስቀምጣል። ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ቀስ እያለ የሚለቅ፣ ራሱ የሚሟሟ ስቴንትም (ቦታውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ መደገፊያ) አለ። አሜሪካ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ እብጠት) ካለብሽ ስለ ስቴንቱ ጠይቂ፤ ኢንሹራንስሽ ይሸፍነው እንደሆነም ቀድመሽ አረጋግጪ።

ከዚያ በኋላ ያለው ያንቺ ሥራ ነው። ሐኪምሽ በፈቀደ ቀን በጨው ውሃ ማጠብ ትጀምሪያለሽ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ከቧንቧ በቀጥታ እንዳታደርጊ። የጽዳት ቀጠሮው ደስ አይልም፣ አልዋሽሽም። እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ፣ ባቄላ የሚያህል የደረቀ ደም በወረንጦ ሲወጣልኝ ሚስቴ ፊቷን አዞረች። ግን ያ ቅርፊት ከተቀመጠ የድልድዩ መነሻ ይሆናል።

ስለዚህ ለኦፕራሲዮኑ ከመተኛትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ተርቢኔቱ እንዳይጣበቅ ምን ያደርጋሉ? የጽዳት ቀጠሮዬስ ስንት ነው? መልሱ «አታስቢ» ብቻ ከሆነ ሌላ ሐኪም አማክሪ። የኔ ሦስት ቀጠሮ ነበር። በዚህኛው ሦስቱንም ሄጃለሁ።