መልስ፦ ከልጆች ጋር ለማረፍ የትኛው ደሴት ይሻላል?

ማልዲቭስ፣ ዛንዚባር ወይስ ሞሪሸስ ብለሽ ነው የጠየቅሽው፤ ልጆቹ 4 እና 7 ዓመታቸው ነው፣ የምትፈልጊውም ማረፍ ብቻ። እኔ ብሆን ሞሪሸስን እመርጣለሁ። አብዛኛው የደሴቷ ዙሪያ በኮራል ሪፍ (ባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ድንጋይ አጥር) የታጠረ ስለሆነ ትልቁ ማዕበል እዚያው ተሰብሮ ይቀርና ዳር ያለው ውሃ ረጋ ያለ ነው፣ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ደቡብ ላይ ሪፉ የሚቋረጥባቸው ቦታዎች ስላሉ እዚያ አትዋኙ። ከጥር እስከ መጋቢት የአውሎ ነፋስ ጊዜ ነው፣ ተይው። ሐምሌና ነሐሴ ከሄዳችሁ ምሥራቁ ነፋሻ ስለሆነ ምዕራቡን ያዙ።

ዛንዚባርም ቆንጆ ናት፣ ግን በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ በጣም ርቆ ይሸሻል፣ ልጆቹ የዋና ልብስ ለብሰው ቆመው «ውሃው የት ሄደ?» ይሉሻል። ከሄድሽ ሰሜኑን፣ ኑንግዊ አካባቢን ምረጪ፤ እዚያ ሽሽቱ ያን ያህል አይደለም። ስለ ወባ መከላከያም አስቀድመሽ ሐኪም አማክሪ።

ማልዲቭስ? ለጫጉላ አሪፍ ነው! ከልጅ ጋር ግን ባሕር ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ማታ ስለማይበሩ፣ አመሻሽ ከደረሳችሁ ዋና ከተማዋ ማሌ አካባቢ ልታድሩ ነው፤ ከረጅም በረራ በኋላ፣ ልጅ እያለቀሰ። የግድ ካልሽ ከኤርፖርቱ በፈጣን ጀልባ የሚደረስበት ሪዞርት ፈልጊ። ውሃ ላይ የተሠሩትን ክፍሎች ከመያዝሽ በፊት ደግሞ የልጆች ዕድሜ ገደብ እንዳላቸው ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ትንንሽ ልጆች አይቀበሉም።